ዲኤክሷ ጭጭ ስትል፦ ባትሪ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ጠዋት ቁልፉን ታዞራላችሁ። ዝም። ኮፈኑ ሲከፈት ሰፈሩ ይሰበሰባል። ግማሹ «ባትሪው ነው» ይላል፤ ግማሹ «ሞተሪኖው ነው» ይላል፤ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ማለቱ ነው። ምክሩ ነፃ ነው፣ ባትሪው ግን ዋጋው ያስደነግጣል። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ በሳምንቱ መኪናዋ እዚያው ቦታ ቆማ ማየት ደግሞ የተለመደ ነው።

አሮጌ መኪና ላይ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚጠፋው ሽቦ ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ነው። ዝገት፣ የላላ ብሎን፣ ቀለም የተቀባ ማሰሪያ፣ አራት ባለቤት እየተፈራረቀ የቀጠለው የሬዲዮና የአላርም ሽቦ። ስለዚህ ሥራው ከባትሪው ተነስቶ መንገዱን እየተከተሉ ቮልቱ የት እንደቀረ መፈለግ ነው። ለምሳሌ የያዝኩት የ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስን ነው። ላዳም ያዙ ቮልስ አካሄዱ አንድ ነው። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር መሆኑን ብቻ አትርሱ። እነዚህ መኪኖች ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ሽቦ ተከትሎ የሚሄድ ትዕግስተኛ ሰው ብዙውን ችግር ራሱ ያገኘዋል።

ምን ያስፈልጋል?

ቮልትና አምፔር የሚለካ ዲጂታል ቴስተር (ርካሹም ይበቃል)፣ የ10 እና የ12 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ናስትሮ፣ መለዋወጫ ፊውዞች፣ ጃምፐር ኬብል። ከዚህ ሌላ አንድ መሞከሪያ አምፖል ሥሩ። የ12 ቮልት፣ 21 ዋት የስቶፕ አምፖል ወስዳችሁ ሁለት ረዘም ያለ ሽቦ አስበይዱበት። እኔ ለብዙ ነገር ከቴስተሩ ይልቅ አምፖሏን አምናለሁ። ቴስተር ከሽቦው ምንም አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ አምፖሏ ግን ወደ 2 አምፔር ገደማ ትስባለች። አንዲት የሽቦ ክር ብቻ የቀረችው ኬብል ቴስተር ላይ 12 ቮልት ሙሉ ታሳያለች፤ ጭነት ሲመጣባት ነው ጉዷ የሚወጣው። ይህን ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ጥንቃቄው አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ አጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም የለም። ባትሪ ስትፈቱ ሁልጊዜ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ስትመልሱ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ኔጌቲቩ ታስሮ እያለ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ ቦዲውን ከነካ ብልጭታው ሌላ ነገር ነው። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ማጠብና ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ መሄድ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ነፃ ይሁን።

መጀመሪያ አዳምጧት

የፊት መብራቱን አብሩ፤ ብርሃኑ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ ብታቆሟት ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር።

መብራቱ ከመነሻውም ካልበራና ክሩስኮቱ ላይ ምንም ነገር ከሌለ፣ ኃይሉ ከባትሪው ሳይርቅ ነው የተቋረጠው። ተርሚናል፣ የባትሪው ኬብል ወይም ወደታች የምነግራችሁ የሚቃጠለው ዋና ሽቦ። መብራቱ በርቶ ቁልፉ ሲዞር ድርግም ብሎ ከሞተ ወይም «ተክ ተክ ተክ» ካለች፣ ባትሪው ደክሟል ወይም አንዱ መገናኛ ጭነት መሸከም አቅቶታል። መብራቱ ምንም ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ባትሪውን ተዉት። ትእዛዙ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም፤ ወይም ደርሶ ሞተሪኖው አልሰማም። እየሄደች መብራቱ የሚጠፋና ጉድጓድ ስትመታ የሚመለስ ከሆነ የላላ ነገር አለ፤ እሱ ጥሩ ዜና ነው፣ ይገኛል።

1. ባትሪውን ለኩ

መኪናዋ ለጥቂት ሰዓት ከቆመች በኋላ ለኩ። አሁን ከመንገድ ከገባች የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ትንሽ ጠብቁ። አለበለዚያ ባትሪው ላዩ ላይ ባለው ቻርጅ ይዋሻችኋል።

12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12 ከሆነ ከሩብ ብዙ አይበልጥም። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት፤ ሳይሞላ ሌላ ምርመራ መቀጠል ድካም ነው። ለአንድ ሌሊት ቻርጅ ተደርጎ 10.5 አካባቢ የሚቆም ባትሪ ግን አንድ ሴሉ ሞቷል። ባትሪው ስድስት ሴል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ አንዱ ሲጎድል ሒሳቡ እዚያ ይመጣል። ይህኛው ይቀየር፣ ክርክር የለውም።

ቀጥሎ በጭነት ለኩ። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጠውን) ፖዘቲቭ ሽቦ ንቀሉና ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጋችሁ ቁልፉ ለአስር ሰከንድ ይዙር። ቮልቱ ከ9.6 በላይ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው። ወደ 8 ወይም 7 ከተንሸራተተ፣ ሙሉ ቻርጅ ሆኖም እንደዚያው ካደረገ፣ ባትሪው አርጅቷል።

ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ሳህኖቹ ተሸፍነው መታየት አለባቸው። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ንፁህ ቢሆንም ማዕድን አለው፤ የቧንቧው ደግሞ ይብሳል። አሲድም አይጨመርም፤ የሚተነው ውሃው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ የምትነዱ ይህን ቶሎ ቶሎ እዩ።

2. ተርሚናሎቹ፦ ብዙው ሰው እዚህ ያገኘዋል

የባትሪውን የእርሳስ ጉጥ ፖል፣ እሱን አቅፎ የሚይዘውን ማሰሪያ ተርሚናል ልበለው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፖሉ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ተርሚናሉ ላይ አድርጉ። ሁለቱ ተያይዘዋልና ልዩነት መኖር የለበትም። ቁልፉ ይዙር። ቴስተሩ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ያ ቮልት እዚያች መገናኛ ላይ እየቀለጠ ነው። አንድ ቮልት ካሳየማ ባትሪ ልትገዙ የነበረውን ብር ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ። ለሁለቱም ፖል ይደረግ።

ይህን መለኪያ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ዓይን እዚህ ቦታ አይታመንም። ከላይ የሚያብረቀርቅ ተርሚናል በውስጡ ጥቁር ሽፋን ይዞ ሊሆን ይችላል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያወጣው ደግሞ ራሱ ይናገራል።

አፀዳዱ ቀላል ነው። ተርሚናሎቹን ፍቱ፣ ኔጌቲቩ ይቅደም። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡና አፍስሱበት፤ አረፋው እስኪያቆም ቆዩ። የባትሪው ክዳኖች ጥብቅ ብለው መዘጋታቸውን አስቀድማችሁ እዩ፣ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል። በውሃ አለቅልቁ፣ አድርቁ። ከዚያ የፖሉን ዙሪያና የተርሚናሉን ውስጥ እርሳሱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡ። ከማሰር በፊት ሳይሆን በኋላ።

አሁን ስለ ሚስማሩ። ተርሚናል ሲላላ መሃሉ ሚስማር፣ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ወይም የተጠቀለለ ሽቦ መሸጎጥ አገር ያወቀው ብልሃት ነው። መኪናዋ ትነሳለች፤ መገናኛው ግን በሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚነካ ይሞቃል፣ ፖሉንም ይበላዋል። የመላላቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የጃፓን ትንንሽ ባትሪዎች ፖላቸው ቀጭን ነው፤ መደበኛው ወፍራም ነው። የወፍራሙ ተርሚናል ቀጭኑ ላይ ሲታሰር ምንም ብታጠብቁት አይጨብጥም። መፍትሔው በልኩ የሆነ ተርሚናል ወይም ፖሉ ላይ የሚገባ የእርሳስ ቀለበት ነው። ፖዘቲቩ ፖል ከኔጌቲቩ ትንሽ እንደሚወፍርም እወቁ፤ ተርሚናል ስትገዙ የየትኛው እንደሆነ ተናገሩ።

ኬብሉን ራሱንም ጎንበስ አድርጉት። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው ወይም ላስቲኩ ካበጠ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ማፅዳት አያድነውም፣ ይቀየር።

3. ኔጌቲቩ የሚመለስበት መንገድ

ከባትሪው የወጣው ሁሉ በቦዲውና በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ኔጌቲቩ ፖል መመለስ አለበት። ሞተሩ በላስቲክ ላይ ስለተቀመጠ በራሱ ከቦዲው ጋር አይገናኝም፤ የሚያገናኘው ኬብል ነው። አሮጌ መኪና ሞተሯ ወርዶ ሲታደስ ይህ ኬብል ተረስቶ ይቀራል። ቦዲዋ ሲቀባ ደግሞ ብሎኑ ስር ቀለም ይገባል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መኪናዋ አዲስ መስላ ከቀለም ቤት ወጥታ መብራቷ መደንገዝ ከጀመረ መጀመሪያ እዚህ እዩ።

አንድ ጫፍ ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላው የሞተሩ ንፁህ ብረት ላይ፤ ቁልፉ ይዙር። ከ0.3 በታች ጥሩ ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ መንገዱ ታሟል። ቴስተር ከሌላችሁ ጃምፐር ኬብል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ቆንጥጡ፤ የነቀላችሁትን የቦቢና ሽቦ መልሱና አስነሱ። እንቢ ያለችው መኪና ብድግ ካለች ችግሩ ተገኘ። ሌላም ምልክት አለ። ሞተሪኖው ሲዞር የነዳጅ መስጫው ገመድ የሚግል ከሆነ ኤሌክትሪኩ መንገድ አጥቶ በእሱ በኩል እየተመለሰ ነው፤ ገመዱን ያቀልጠዋልና ሳትዘገዩ አስተካክሉ።

ማስተካከያው ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ነጩ ብረት ፍቆ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ከላይ ግራሶ።

4. ዋናው የሚቃጠል ሽቦ

ድሮ የተሠሩ ቶዮታዎች ላይ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የምትጀምር አጭር፣ ልዩ ሽፋን ያላት ሽቦ አለች። ከወፍራሞቹ ሽቦዎች ሆን ተብላ ቀጥና የተሠራች ናት፤ ትልቅ ሾርት ሲፈጠር መኪናዋ ከምትቃጠል እሷ ትቃጠላለች። እሷ ከሄደች ክሩስኮቱም መብራቱም ባንዴ ይሞታል፣ ባትሪው ግን 12.6 ይላል። ይህ ነው ሰውን የሚያደናግረው።

ላዩዋ ደህና ሊመስል ይችላል። ቀስ ብላችሁ ሳቧት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠች ውስጧ ተበጥሷል። ለማረጋገጥ የመሞከሪያ አምፖሏን አንድ ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ፤ በሌላው ጫፍ ከሽቦዋ ወዲህና ወዲያ ንኩ። ከባትሪው ወገን በርቶ ከወዲያኛው ካልበራ አለቀች።

በተራ ሽቦ አትተኳት። ይሠራል፤ የሚቀጥለው ሾርት ሲመጣ ግን የሚቃጠለው የክሩስኮቱ ሽቦ ጥቅል ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ በውፍረቷ አምጡ። ደግሞም ያለምክንያት አልተቃጠለችም። ኬብል ብረት የሚያሻሽበት ቦታ ፈልጉ፤ ባትሪ በተገላቢጦሽ ታስሮ እንደነበርም ጠይቁ።

5. ፊውዝና ቁልፍ

ፊውዝ በዓይን አይፈተሽም። በተለይ የመስታወት ቱቦው ዓይነት ክሩ ሙሉ ሆኖ ጫፉ ላይ የዛገ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ከፍታችሁ በአምፖሏ የፊውዙን ሁለቱንም ጫፍ ንኩ፤ ሁለቱም ጋ መብራት አለባት። በአንዱ ብቻ ከበራች ፊውዙ ወይም መያዣው ነው። ፊውዙን አውጥታችሁ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። 15 ያለበት 15 ይግባ። የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት መኪና ማቃጠያ ነው።

የቁልፉ ስዊች ውስጡ ያሉት የመዳብ ነጥቦች ይበላሉ፤ ከቁልፉ ጋር የቤቱም የቢሮውም የሱቁም ቁልፍ ከተንጠለጠለ ፈጥነው ይበላሉ። ቁልፉን በቦታው ወዝወዝ ስታደርጉት ክሩስኮቱ ብልጭ ድርግም ካለ እሱ ነው። መብራቱ ሳይደክም ሞተሪኖው ዝም ያለባት መኪና ላይ ደግሞ ሞተሪኖው ላይ የምትገባዋን ቀጭን ሽቦ በአምፖሏ ንኩ፤ ረዳታችሁ ቁልፉን ያዙር። አምፖሏ ከበራች ትእዛዙ ደርሷል፣ ጥፋቱ ሞተሪኖው ጋ ነው። ካልበራች ስዊቹ ወይም ሽቦው ነው። ማርሿ አውቶማቲክ ከሆነ በነፃ ወይም በፓርክ ማርሽ ብቻ እንድትነሳ የሚያደርገው ስዊችም ይጠረጠራል። ኋላ የመጡት ቶዮታዎች አንዴ «ቋ» ብለው ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ስላለቁ ነው፤ እነሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ሙሉ ሞተሪኖ አትግዙ።

6. ዲናሞው

ተነሳች፤ ግን በየሁለት ቀኑ ባትሪው ባዶ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞው ነው፤ መጀመሪያ እሱን የሚያዞረውን ቺንጊያ እዩ። በሁለቱ ፑሌዎች መሃል በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲሜትር ገደማ መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ይንሸራተታል፣ በተለይ ጠዋትና በዝናብ ጊዜ ይጮሃል።

ሞተሩ ከስራ ፈት ትንሽ ከፍ ብሎ ሲዞር ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ጥሩ ነው። የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ አብሩ፤ ከ13 በታች መውረድ የለበትም። 12.4 ላይ ከቆመ ዲናሞው አይሞላም። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው ሬጉላተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላው ነው፣ አምፖልም ያቃጥላል።

ዲናሞውን ከማስፈታት በፊት ሁለት ነገር። ቁልፉ ሲከፈት ቀዩ የባትሪ ምልክት ክሩስኮቱ ላይ ካልበራ አምፖሏን ፈትሹ። ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በእሷ በኩል በምትመጣ ትንሽ ኃይል ነው፤ ትንሿ አምፖል ስትቃጠል ዲናሞው ይተኛል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ እየሠራና መብራት በርቶ ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ያለውን ልዩነት ለኩ። ከ0.3 በላይ ከሆነ ዲናሞው ያመርታል፣ መንገዱ ነው የሚበላው። እነዚህ ደህና ሆነው አሁንም ካልሞላ ዲናሞው ውስጥ እየተፈተገ የሚያልቀው ካርቦን አልቆ ይሆናል፤ ርካሽ ጥገና ነው።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ፈትቶ «ዲናሞው ይሠራል አይሠራም» ማየት ግን ይቅር። በጥንቱ ጀነሬተር ዘመን የመጣ ልማድ ነው። አሁን ባለው ዲናሞ ላይ ቮልቱ ባንዴ ይዘላል፤ ዳዮዱንም ሬጉላተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

መንገድ ላይ ከቀራችሁ

በሌላ መኪና ስታስነሱ ቀዩን ገመድ ከሞተው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ ወደ ቆመችው መኪና ሞተር ብረት፣ ከባትሪው ራቅ አድርጉ። የመጨረሻው ብልጭታ ባትሪው ራስ ላይ እንዳይሆን ነው። ደህናዋ ለአምስት ደቂቃ ትሥራ፣ ከዚያ አስነሱ። ማርሿ በእጅ ከሆነ ሁለተኛ አስገብቶ መግፋትም አለ፤ የሰፈር ልጆች ያውቁበታል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን ካንዴላው የሚያበራበት ስለሌለው ግፊቱም አያስነሳትም።

7. ማታ ማታ የሚሰርቀው

ባትሪው ደህና፣ ዲናሞው ደህና፣ ጠዋት ግን ባዶ። ሁሉንም አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ። ኔጌቲቩን ፍቱና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በፖሉና በተፈታው ኬብል መሃል አስገቡ። በዚህ ሰዓት ቁልፍ አይከፈት፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሰዓትና ሬዲዮ ብቻ ያላት መኪና ከ0.05 አምፔር በላይ መጠጣት የለባትም። 0.5 ካሳየ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ሄደ ማለት ነው፤ 60 የሚይዝ ባትሪ በጥቂት ቀን ውስጥ ላያስነሳ ይችላል።

አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጡ። ቁጥሩ ባንዴ የወረደበት ፊውዝ ሌባውን ይዟል። የዕቃ ማስቀመጫው አምፖል፣ ሬዲዮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኋላ የተገጠመ አላርም። አላርም ብዙ ጊዜ በፊውዝ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪ ይወሰዳል፤ ሽቦውን በእጅ መከተል ያስፈልጋል። ፊውዞቹ ሁሉ ወጥተው ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍቱና ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉ። ስትፈቱ ቴስተሩ ከመስመሩ ይውጣ፣ ኔጌቲቩም እንደተፈታ ይቆይ። መልሳችሁ ስትለኩ ከወረደ ዲናሞው ውስጥ ያለው ዳዮድ ነው የሚያፈሰው። እስኪጠገን ድረስ ማታ ማታ ኔጌቲቩን ፈትቶ ማደር ይቻላል፤ ሰዓቱ ይዛባል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።